አጥንት ቆጣሪዎች

ስልሳ ጥያቄ ነው፤ ስም አይጻፍበትም፣
የሚወድቅ የለበት፣ የሚያልፍ የለበትም።
ከአንድ እስከ አምስት ካሉት አንዷን ክብ ማጥቆር ነው፦
«የጀመርኩትን ነገር ሳልጨርስ አልተው።»
«ሰው ሲያለቅስ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»
«ከማላውቀው ጋራ ማውራት አይከብደኝም።»
አርባ አንደኛው ላይ ግን ይከብዳል ነገሩ፦
«የበሽታ ሁሉ ምንጩም ሆነ ሥሩ
የሰረሰር መዛነፍ ነው» ይላል። እስማማለሁ?
አልስማማም? በጣም? ወይስ እጠራጠራለሁ?

ፖንቲፕሪድ ዝናብ ነው። ታፍ ወንዝ ደፍርሷል።
የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ቆይቷል፣
የቆፋሪው ወገብ ግን ዛሬም ይቆረጥማል፤
ልጅ ወርሶት፣ የልጅ ልጅ ሊያቀናው ይማራል።
ሦስተኛ ዓመቶቹ እንቅልፍ ባይናቸው ነው፤
ሌሊቱን በሙሉ አጥንት ሲቆጥሩ ነው
ያደሩት። የዘር አይደል፣ የማን ልጅ፣ የነማን፤
የአንገት ሰባቱን፣ የደረት አሥራ ሁለቱን፣ የወገብ አምስቱን።

ስም የለውም ወረቀቱ። ግን ሃያ ዓመት አርሜ
የልጆቼን እጅ እንዴት ልስተው ፈጽሜ?
ይሄ አምስትን ሲያጠቁር ወረቀት የበሳው
ጌቲን ነው፤ አናቶሚ ሁለቴ የጣለው፣
ነርቭና ጅማቱ ከአፉ የሚጠፋው፣
ለቃል ፈተና ሲጠሩት ላብ የሚያጠምቀው።
ግን በሰባት ዓመቱ፣ አያቱን ከአልጋ
አንድ ወጌሻ ሲያስነሣ አይቷል፤ በበጋ፣
በእሑድ ቀን፣ በጓዳ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው?
«እጅ ይሰማል» ይላል፤ ጥናት ብትጠቅስለት አይሞቀው፣ አይበርደው።

ይቺ ደግሞ በእርሳስ፣ ከመስመር ሳትወጣ፣
አንድን አጥቁራለች፤ ከዳሩ «ማስረጃው ይምጣ»
ብላለች። አንጋራድ። ዘጠና አራት ከመቶ።
«ታዲያ ለምን መጣሽ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ክፍሉ ሰው ወጥቶ።
«ጀርባ ያማል» አለች። «ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።
ያማል፤ ትንሽ ይቀንሳል። ለኔ በቂዬ ነው።»

ኤምሊን ከላይኛው ፎቅ ቁጥር ሲቀምር ሰንብቶ
ዛሬ ጠዋት ወረደ፣ ሻዩን በጁ ይዞ፦
«ጠባይና ማርክ» አለኝ፣ «እምነትም፣ ሁሉም ያው ነው፤
ዝምድናቸው የሩቅ ነው፣
ለሠርግ የሚጠራ እንጂ ለቅሶ የማይደርስ ነው።»

ማክሰኞ፣ ክሊኒክ። ጡረተኛ ሾፌር፣ ሚስተር ኢድዋል፣
በጌቲን አልጋ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል።
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ፤ ወገብ ቢይዝ አይገርምም።
ልጁ እጁን ጫነ። ቀጭ የሚል ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልሰማሁም።
አነሣው።
«ሌሊት ይብስብዎታል?»
«ሌሊት ነው የሚብሰው።»
«ቀበቶዎ…»
«ሁለት ቀዳዳ ገባ። ምግብ ጠላሁ፤ ምን ላድርገው?»
ስሙን አያውቀውም ጌቲን። ስም መች ይዞለት ያውቃል!
ኮሪደር ወጥቶ አንጋራድን «ነይ፣ እጄ ፈርቷል»
አላት። መጣች። ጣቷን አጠፈች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ያለ መጽሐፍ። ለሆስፒታሉ ጻፈች በዚያው ሰዓት።
ማን አወቀ? እሱ ነው? እሷ ናት? እኔ እንጃ።
የትኛው ክብ ይጥቆር? የላትም ያቺ ሰዓት ደረጃ።

ከሆስፒታል ወሬ የለም፤ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው።
ጌቲን ዛሬም ወደቀ፤ ሦስተኛው መሆኑ ነው።
እኔው ነኝ የጣልኩት። ያልመለሰውን አልመለሰም።
ልቤ ቢያዝንለትም እርሳሴ አያዝንም።

ማታ አንድ ባዶ ቅጽ ለራሴ ወሰድኩኝ፣
እስከ አርባ ድረስ ሮጥኩ፤ አርባ አንድ ላይ ቆምኩኝ።
ጥግ ላይ የክፍሉ አፅም በሽቦ ተንጠልጥሏል፣
አንዲት ጎድን ጎድሎት፤ ልጆቹ ባርኔጣ ደፍተውለታል።
ወገቡ ቀና ነው፣ ከሁላችን ይልቃል፤
ምን ያምን እንደነበር ማን ጠይቆት ያውቃል።